የሐርፊደል ባለቤት

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ፣ ከዓሣ ጠባሹ ቤት ጎን፣ ጨዋማው አየር ቀለሙን የላጠው አረንጓዴ የብረት በር አለ። በላዩ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ማስታወቂያም አያስፈልገው፤ ከሞጆ እስከ ወደቡ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ በሩን ያውቀዋል። የዘቢባ ቤት ነው። ዘቢባ የጋቢና መጋረጃ ጠላፊ ናት።

ሾፌር ያልሆነ ሰው የጋቢና መጋረጃ ሲባል ጨርቅ ብቻ ይመስለዋል። ለሾፌር ግን ጋቢናው መኝታውም ሳሎኑም ነው፤ ቤቱ ከሚያድርበት ሌሊት እዚያ ውስጥ የሚያድርበት ይበልጣል። ስለዚህ መጋረጃው ላይ የሚጻፈው ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ የልጆቹን ስም በተርታ ያስጠልፋል። አንዱ «ማርያም ትቅደም»፣ ሌላው «በአፊያ ግባ» ያስብላል። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «ሂድ ያልሽው አንቺ ነሽ» ብሎ በቀይ ክር አስጽፎ ከሄደ በኋላ፣ በሚቀጥለው ጉዞው ከልጅቷ ጋር ታርቆ መጣና «ዘቢዬ፣ በናትሽ ፍቺልኝ» ብሎ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክሩን አብሯት ሲተረትር ዋለ። እሷም እየተረተረች የጠቡን መነሻና የእርቁን አካሄድ ከላይ እስከ ታች ሰማች። ዘቢባ ቤት ሰው መጋረጃ ሊያሠራ ይገባል፤ ሆዱን አራግፎ ይወጣል።

ተወልዳ ያደገችው ከሚሴ ነው። ጅቡቲ የገባችው ገና በወጣትነቷ፣ እንደ ብዙዎቹ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ለማደር ነበር። ዕድል የቀናት በገባችበት ቤት ነው። ጋቦዴ ሰፈር፣ ማዳም ማይሙና ቤት ገባች። ማዳም ማይሙና የአገሩ ተወላጅ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ልጆቿ ፈረንሳይኛ ሲያጠኑ ዘቢባን አብራ የምታስቀምጣት እሷ ነበረች፤ አማርኛውን ደግሞ በልዋጩ ከዘቢባ ለመደች። ልጆቹ አድገው ሲያበቁ «አሁን ደግሞ የራስሽን በር ክፈቺ» ብላ ለቤቱ ኪራይ ዋስ የሆነችላትም እሷው ናት። ዘቢባ እስከ ዛሬ ስሟን ስታነሳ «አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው» ሳትል አታልፍም።

የጥልፍ ማሽኑን የገዛችው ወደ ሀርጌሳ ጠቅልሎ ከተመለሰ ልብስ ሰፊ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ጥሩ ማሽን ነው፤ ችግሩ የፈረንጅ ፊደል እንጂ የኛን አያውቅም። ይህን የፈታላት ጋሽ መሳፍንት ነው። የመጀመሪያ ደንበኛዋ እሱ ነበር፤ ሸበቶ፣ ተረበኛ፣ መንገዱን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሾፌር። አንድ ጊዜ ከአዳማ ሲዲ ይዞላት መጣ፤ ካርቶኑ ላይ «ሐርፊደል» ይላል። እዚያው አዳማ የሚኖር አንድ ኢንጂነር የሠራው፣ የጥልፍ ማሽንን አማርኛ የሚያስጽፍ ፕሮግራም ነው። በደረሰኝ፣ በወጉ ተገዛ።

ሐርፊደል አመል ነበረው። ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ሲጫን ረጅም ቁጥር ያወጣና ይቆማል። ገዢው አዳማ ደውሎ ያንን ቁጥር ያነባል፤ ከወዲያ መልስ የሚሆን ሌላ ቁጥር ይነገረዋል፤ እሱን ሲያስገባ ይከፈታል። ያኔ ዘቢባ ደውላ ቁጥሩን ስታጣድፈው አንዲት ሴት አንስታ «ረጋ በይ እህቴ፤ ቁጥሩ አይሮጥም፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ» ያለቻት እስከ ዛሬ ጆሮዋ ላይ አለ። ሌላም ጉድለት ነበረው። «ፊ»ን ሲጠልፍ ቅጥሏን፣ ያችን የጎን ጭረት፣ ከእግሯ ያላቅቃታል። ዘቢባ ታዲያ ፊ በመጣች ቁጥር መርፌ ይዛ በእጇ ታገናኛታለች። ለምዳዋለች፤ አብሮ እንደኖረ ሰው አመሉን ችላለታለች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ኖሩ። ባለፈው ክረምት ግን፣ ካምሲኑ፣ ያ ትኩስ ነፋስ፣ አሸዋውን ይዞ በሚጋረፍበት ሰሞን፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የተቃጠለ ሽታ ሸተተና ጸጥ አለ።

ኒዛር ተጠራ። ኒዛር አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ጅቡቲያዊት፣ አማርኛን ከሾፌሮች የለቀመ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጫት ከተማ እስኪገባ ድረስ እንደሱ ያለ ሠራተኛ የለም፣ ከዚያ በኋላ ግን አይገኝም። ፈታታው፣ አጸዳው፣ የተቃጠለውን ለወጠ። የየሾፌሩ ጽሑፍ፣ የስንት ዓመት ሥራዋ፣ ሳይጠፋ ተገኘ። ፋይሎቹን የሚከፍታቸው ግን ሐርፊደል ብቻ ነው፤ ከሲዲው መልሶ ሲጭነው ደግሞ ያ ረጅም ቁጥር ብቅ አለና ቆመ።

ዘቢባ ደወለች። «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም።» ደግማ ደወለች። ያው ነው።

«እህቴ» አለ ኒዛር ወደ ፀሐይዋ እያየ፤ «እኔ ልጥለፈው። ከምሳ በፊት ያልቃል።»

«እዚህ ቤት ጠላፊ እኔ ብቻ ነኝ።»

ኒዛር ቀልዱ እስኪገባው ትንሽ ቆየ፤ ሲገባው ጭኑን መትቶ ሳቀ። «ወላሂ እናንተ ሰዎች! ለጥልፍም ለዘረፋም አንድ ቃል! ግን ስሚኝ፤ ይህ ነገር ባለቤት የለውም። ድርጅቱ ሞቷል። የሞተ ሰው ይከሳል እንዴ?»

«ሞተ ያለህ ማነው? የሞተው ስልኩ ነው።»

«ደግሞስ ማን ያይሻል?»

«እኔ ‹በአፊያ ግባ› ብዬ የምጠልፍ ሰው፣ ሰርቄ በከፈትኩት ልጻፈው? ሾፌሩ እኮ ሥሩ ነው የሚተኛው!»

ኒዛር ተሸነፈ፤ ወይም ጫቱ ገብቶ ነበር፤ ብቻ መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ።

ብቻዋን ስትቀር ግን ድፍረቷ አብሮት ወጣ። ማሽኑ ያለ ሐርፊደል ዲዳ ነው። ሾፌሮቹ የሚመጡት ለፊደሉ ነው፤ ጨርቅማ የትም አለ። እነሱ ከቀሩ ቤቱን መያዝ አይቻልም፤ ቤቱ ካልተያዘ ደግሞ የሚቀራት አንድ መንገድ ነው፣ ተመልሶ ሰው ቤት ማደር። በዚያ ሥራ የምታፍር አይደለችም። ግን የራሷን በር በራሷ ሰዓት ስትከፍትና ስትዘጋ ከኖረች በኋላ፣ በዚህ ዕድሜዋ የሰው ጓዳ ገብታ እስክትጠራ መጠበቁ ከበዳት። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ ጋቦዴ ሄደች።

«ማዳም፣ የተዘጋ ድርጅት ዕቃ የማን ነው?»

«ሰላም ሳትይኝ?» አለች ማዳም ማይሙና። «ነይ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ማዳም ማይሙና ስትሰማ አታቋርጥም፤ ስትጨርስ ነው መነጽሯን የምታወልቀው።

«ስሚ ዘቢባ። ሱቅ ሲዘጋ ዕቃው የአላፊ አግዳሚው አይሆንም፤ አይደል? ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ሰው አስቦ የጻፈው ነገር ነው፤ ጸሐፊው ቢሞት እንኳ መብቱ ለወራሾቹ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ገበያ ላይ ስለጠፋ፣ ስልክ የሚያነሳ ስለሌለ ሜዳ ላይ የወደቀ ዕቃ አይሆንም።»

«እኔ ግን ገዝቼዋለሁ።»

«የገዛሽው መጠቀሙን ነው፤ እሱን ማንም አይነጥቅሽም። ቁልፉን መስበሩ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንዱ አገር ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል፣ አንዱ ጭራሽ አላሰበበትም። ልከራከርልሽ እችላለሁ፤ ክርክር እንደምወድ ታውቂያለሽ። ግን ለምን? ሰውየውን ፈልጊው። ከባለመብቱ አንድ ‹ተጠቀሚበት› የሚል ቃል ብታገኚ አንቺም ታርፊያለሽ፣ እኔም አርፋለሁ።»

ጋሽ መሳፍንትን ከከተማው መውጫ፣ ፒኬ 12 ላይ መኪናውን አቁሞ ጭነት ሲጠብቅ አገኘችውና ነገሩን ነገረችው።

«ይህቺ ናት?» አለ። «ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ሲዲውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁ? አዳማ ስደርስ ጎራ እላለሁ። ግን ዘቢ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሁሉ ፊልሙንም ዘፈኑንም እየገለበጠ በሚያይበት ዘመን…»

«ሰው ሁሉ መጋረጃ አይጠልፍም፣ ጋሼ።»

«እሱስ እውነት ነው» ብሎ ሳቀ።

ከቀናት በኋላ ደወለ። ከኋላው የመኪና ጡሩምባና የጭማቂ መፍጫ ይጮሃል።

«ዘቢ! እልል በይ! ቤቱ ጭማቂ ቤት ሆኗል። ግን ጠየቅኩ። ‹የሐርፊደል ባለቤት የት ነው?› ብል አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ጓሮ አስገቡኝ። እዚያ ያገኘኋቸው እትዬ ፀዳል ይባላሉ፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ‹የሐርፊደል ባለቤት እርስዎ ነዎት?› አልኩ። ‹አዎ፣ ባለቤቱ ነኝ› አሉኝ፣ ኮራ ብለው። ነገሩን አጫወትኳቸው። ‹ምን ችግር አለው፣ ትጠቀምበት!› አሉ። ስልካቸውን ልኬልሻለሁ።»

ዘቢባ እልል አለች። ዓሣ ጠባሹ የቤት እሳት መስሎት ማንኪያውን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

ወዲያው ማዳም ማይሙና ዘንድ ደወለች። ከእሷ ጋር ቁም ነገር ሲሆን የምታወራው በፈረንሳይኛ ነው። «ማዳም፣ ተገኘች!» አለችና ማን እንደተገኘች ልትናገር አፏን ከፍታ ቀረች። «ባለቤቷ» ልትል ስትል ቃሉ ሁለት ሆነባት። ፈረንሳይኛ የንብረቱን ባለቤት «ፕሮፕሪዬቴር» ይለዋል፤ የትዳሯን ደግሞ «ፋም»። አማርኛ ሁለቱን አንድ ቤት አስቀምጧቸው ስለሚኖር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መለየት እንደሚያስፈልጋቸው አስባ አታውቅም።

«አሎ? ማን ተገኘች?»

«ማዳም… ወይ ፕሮፕሪዬቴር ናት፣ ወይ ፋም ናት።»

«የማን ፋም?»

«የፕሮግራሙ።»

ማዳም ማይሙና እስኪያስላት ሳቀች። «ፕሮግራሙ ሚስት አገባ? እኛ ሳንጠራ?» ከዚያ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ሚስቱ ከሆነች ወራሽ ልትሆን ትችላለች። ብቻዋን መፍቀድ ትችል እንደሆነ ግን አናውቅም። ልጅ አለ? ሸሪክ ነበረው? ሴትዮዋ ራሷ የፈቀደችው ምን እንደሆነ ገብቷታል? እኔ እስክመጣ ጠብቂኝ፤ አብረን እንደውላለን።»

ዘቢባ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። እልልታዋ ገና ከሰፈሩ አልወጣም፤ ዓሣ ጠባሹ አሁንም ለደንበኞቹ እያወራ ነው። እሷ ግን የያዘችው ነገር ከእጇ እንደሚንሸራተት ተሰማት። ሴትዮዋ «አይ፣ እኔ አላውቅም» ብትልስ?

ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ካለቀ በኋላ ማዳም ማይሙና መጣች። ኒዛርም ጉንጩን እንደወጠረ መጣ፤ የጫት ጓደኞቹን ትቶ እንጂ ጫቱን ተፍቶ እንዳልመጣ ሁሉም አየ፣ ግን መምጣቱ ራሱ ተአምር ነበርና ማንም አልተናገረውም። ዘቢባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው።

«ሃሎ?»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ ፀዳል፣ ዘቢባ ነኝ ከጅቡቲ፣ ያ ሾፌር የነገርዎት፣ ማሽኔ ቆሞብኝ፣ እና የገዛሁት ነው፣ ግን ቁጥሩ…»

«ረጋ በይ እህቴ፤ ስልኩ አይሮጥም።»

ዘቢባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እርስዎ ነዎት! ያኔ ቁጥሩን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ነኝ እንጂ፤ እሱ ስልክ ማንሳት እንደ ጥርስ መነቀል ነበር የሚፈራው።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ‹ባለቤቱ ነኝ› ሲሉ የማን ባለቤት ማለትዎ ነው?»

«የሐርፊደል ነዋ!» ከዚያ ጥያቄው ገብቷቸው ሴትዮዋ እየሳቁ «ውይ፣ ውይ!» አሉ። «የባለቤቴ ስም ጀንበሬ ነበር። ሰፈሩ ግን በፕሮግራሙ ሐርፊደል ነበር የሚለው፤ እኔም የሐርፊደል ባለቤት ነበርኩ። ያ ሰውዬ ሲጠራኝ ጊዜ ቀብር ያመለጠው ወዳጁ መስሎኝ! ጀንበሬ አርፏል እኮ፣ እህቴ። ሾፌሩ ሲሄድ ደግሞ ‹ትጠቀምበት ያልኩት በምን ሥልጣኔ ነው? እኔ ስልክ አንሺ ነበርኩ› ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ።»

ማዳም ማይሙና ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች፣ በአማርኛ ጠየቀች። ሸሪክ አልነበረውም። ዕዳም፣ ለሌላ የተሸጠ ነገርም አልነበረም። ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና አዲስ አበባ የሚያስተምረው ልጃቸው አልአዛር። «እንግዲያው እሱንም እንጠይቀው» አለች ማዳም ማይሙና፤ አልአዛርም እዚያው ስልክ ላይ ተጨመረ።

ነገሩ ተነገረው።

«ሐርፊደልን የሚጠቀም ሰው አለ?» አለ ማመን አቅቶት።

«አለ እንጂ!» አለች ዘቢባ።

«እኔ እኮ… አባቴ ሲያርፍ የቀሩትን ካርቶኖች ለቆራሌ ነው የሰጠኋቸው። ማንም የማይፈልገው ነገር ላይ ዕድሜውን የፈጀ ይመስለኝ ነበር።»

«ወንድሜ፣ ስማኝ። ከሞጆ እዚህ ድረስ ስንት መኪና የአባትህን ፊደል አንጠልጥሎ እንደሚሄድ አታውቅም። የመንታ ልጆቹን ስም ያስጠለፈ አለ። እናቱ የሞቱበት አለ፤ ስማቸው በአባትህ ፊደል ከራስጌው ነው። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኔም የራሴን በር ከፍቼ የምኖረው በአባትህ ነው። ላመሰግነው የምደውልበት ስልክ ጠፍቶኝ ነው እንጂ…»

ከወዲያ አንድ ሰው ሲናፈጥ ተሰማ፤ እናት ይሁኑ ልጅ አልታወቀም።

«እኔ ፈቅጃለሁ» አለ አልአዛር። «በጽሑፍም እፈርማለሁ። እናቴስ?»

«እኔማ ድሮ ፈቅጃለሁ!»

«እትዬ፣ ሐላል ይበሉኝ» አለች ዘቢባ።

«ሐላልሽ ነው። እኛ ደግሞ ‹ይባረክልሽ› እንላለን፤ ሁለቱንም ውሰጂ።»

ኒዛር ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጥሩን ለማንበብ ቸኩሎ ነበር። ጮክ ብሎ አነበበ። እትዬ ፀዳል ካልኩሌተር አስመጡ፤ «ስንት ዓመት ስሰጥ ኖሬ እረሳዋለሁ?» እያሉ ሲነካኩ ቆዩና «አሊዬ፣ የተወለድክበት ዓመት ስንት ነበር?» አሉ። ልጃቸው ነገራቸው። ደመሩ፣ ቁጥሩን ሰጡ፤ ኒዛር አስገባው። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። እንደገና አስገባው። ቀይ።

ዘቢባ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«የቱን ዓመት ነው የነገርከኝ?» ሲሉ ተሰሙ እትዬ ፀዳል።

«ፓስፖርቴ ላይ ያለውን።»

«የፈረንጁን! በል የኛን ንገረኝ! ጀንበሬ በፈረንጅ ዓመት ልጅ መቼ ወለደ? ከቁጥሩ ላይ የምደምረው የኛን ነው!»

«እማማ!» ጮኸ ኒዛር እየሳቀ። «ምስጢሩን አወጡት!»

«አንተ ደግሞ ማነህ? በል ጆሮህን ድፈን፣ ቁጥሩን ጻፍ!»

ጻፈ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ሀ ሁ ሂ እያለ በተርታ ተዘረጋ። ማዳም ማይሙና አጨበጨበች። ዘቢባ ግን ማጨብጨቡም እልልታውም ጠፍቷት ማሽኑን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አደረገችው።

ማዳም ማይሙና አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀች፤ እናትና ልጅ ፈረሙበት፤ ጋሽ መሳፍንት አመጣው። ዘቢባ ሐርፊደልን በፈለገችው ኮምፒውተር ላይ እስከፈለገችው ጊዜ ትጠቀማለች፣ አባዝታ አትሸጥም ይላል። አልአዛር ከታች በእጁ ጨመረበት፤ አባቴ የሸጠላችሁ ሁሉ ደውሉ፣ እናቴ አሁንም ስልክ ታነሳለች። ዘቢባ «ምን ላድርግላችሁ?» ብላ ስትጨቀጭቅ እትዬ ፀዳል የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ ሾፌሮቹ ምን ምን እንደሚያስጽፉ እየደወለች እንድትነግራቸው። አሁን ዓርብ ዓርብ ይደዋወላሉ። የዚያን ጎረምሳ ታሪክ ሲሰሙ እትዬ ፀዳል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ግን ወሬ ብቻ ለዘቢባ አልበቃትም። የትራስ ልብስ ሠራች፤ ነጭ ጨርቅ ላይ በወርቃማ ክር «የሐርፊደል ባለቤት» ብላ ጠለፈችበት። ጋሽ መሳፍንት ሊወስደው ሲመጣ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንማ እትዬ በሁለቱም ትርጉም ባለቤት ሆኑ። ለኔም አንድ ጥለፊልኝ እባክሽ፤ ‹ባለቤቱ› ብቻ በይው። መኪናው የኔ አይደለም፤ ሚስቴም ካኮረፈችኝ ቆየች። የትራሱ እንኳ ባለቤት ልሁን።»

«አንተ መጀመሪያ ታረቅ፤ ከዚያ እጠልፍልሃለሁ።»

ትራሱ አዳማ የደረሰ ዕለት ቀኑ ዓርብ ባይሆንም እትዬ ፀዳል ደወሉ። ዘቢባ ሥራ ላይ ነበረች፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ያዘችው። እትዬ ፀዳል አመሰገኑ፣ መረቁ፤ ትራሱን የት እንዳስቀመጡት፣ ማን ማን እንዳየው ነገሩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ፊዋን አየኋት። በእጅሽ ነው አይደል ያገናኘሻት?»

«አዎ እትዬ። ሁልጊዜም በእጄ ነው።»

«ጀንበሬ ‹በሚቀጥለው አስተካክላታለሁ፣ በሚቀጥለው› ሲል ነው ያረፈው። ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንባታል መሰለሽ። አንቺ አስተካከልሽለት። እግዜር ይስጥሽ።»

ማሽኑ የአንድ አዲስ ሾፌር መጋረጃ ጨርሶ ቆሟል፤ «በአፊያ ግባ» ይላል። ፊ እንደ ልማዷ ተላቃለች። ዘቢባ ስልኩን ሳትዘጋ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።